ግብጦ ያጣፈጠ እጅ ዓሣም ይቀልባል



ንግግሬን ከላህ ወንዝ ዳር ልጀምር። ልጅ ሳለሁ እናቴ ግብጦ በምታጣፍጥበት ሰሞን የጆንያው ጠባቂ እኔ ነበርሁ። ግብጦውን በምጣድ ቆልታ፣ በጆንያ ከትታ፣ አፉን በገመድ ጠፍራ፣ ውኃው በሚወርድበት ቦታ ድንጋይ ጭናበት ታሳድረዋለች። ውኃ እንዳይወስደው፣ ከብት እንዳይረግጠው የማየው እኔ ነኝ። በየማታው ወንዝ ትወርድና አንድ ፍሬ አውጥታ፣ ልጣ ታኝከዋለች። ፊቷ ከተኮማተረ “ገና ነው” ብላ ጆንያውን መልሳ ታስራለች። ቀናት አልፈው አንድ ማታ ግን ፊቷ ይፈታል። “አሁን ለሰው ይቀርባል” ትላለች። እኔም ከጥበቃዬ የማርፈው ያን ዕለት ነው።

ያንን ጆንያ ዛሬ ያነሣሁት የምንነጋገርበት ጉዳይ መልሱ እዚያው ውስጥ ታስሮ ስላለ ነው። ጉዳያችን የዓሣ መኖ ነው።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ ዓሣ እርባታ የማይወራበት ወረዳ የለም። እኔም በዚህ ዙሪያ ብዙ ኩሬ ዞሬ አይቻለሁ። ገበሬው ጉልበቱን አፍስሶ ይቆፍራል፤ ውኃ ይጠልፋል፤ ጫጩት አምጥቶ ይለቃል። ከዚያ “ምን ላብላው?” ይላል። መጽሐፍ የሚመልስለት አብዛኛውን ጊዜ “የዓሣ ዱቄት ያለበት መኖ” ብሎ ነው። የዓሣ ዱቄት ደግሞ ቡሬ ገበያ አይወጣም፤ ፍኖተ ሰላም ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። ገበሬው የተገኘውን ፍርፋሪና ፉርሽካ እየበተነ ይሰነብታል። ዓሣው ጣት አክሎ ይቀራል። በዓመቱ “ዓሣ እኛ አገር አያድግም” ተብሎ ይፈረድና ኩሬው የአትክልት ማጠጫ ይሆናል። ይህ ፍርድ ስሕተት ነው። ኩሬው የተራበው እኛ እጅ ውስጥ ያለውን ነገር ነው።

በመጀመሪያ የዓሣ ዱቄት ምን እንደሆነ እንይ። ከባሕር በብዛት የሚጠመዱ ትንንሽ ዓሦች ተቀቅለው፣ ዘይታቸው ተጨምቆ፣ ደርቀውና ተፈጭተው የሚገኝ መኖ ነው። ጥሩው የዓሣ ዱቄት ከክብደቱ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። አንድ ኪሎ ዱቄት ለማግኘት ከአራት ኪሎ በላይ እርጥብ ዓሣ ይፈጃል። ዓሣን በዓሣ መቀለብ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ አንዱን ውኃ አራቁቶ ሌላውን መሙላት።

የዓለም ዋና የዓሣ ዱቄት ምንጭ በደቡብ አሜሪካ የፔሩ ባሕር ነው። እዚያ የምትጠመደው ዓሣ አንቾቬታ ትባላለች፤ ትንሽ ዓሣ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 ፔሩ ከዚህች ዓሣ ብቻ ወደ 12 ሚሊዮን ቶን አጠመደች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኤልኒኞ መጣ፤ ባሕሩ ሞቀ፤ ቀድሞውንም ከልክ በላይ ተጠምዶ የነበረው ዓሣ ተመናመነ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተያዘው 2 ሚሊዮን ቶን እንኳ አልሞላም። የዓለም የመኖ ገበያ ተናወጠ። በዓሣ ዱቄት ፈንታ ሁሉም ወደ አኩሪ አተር ተሻማ፤ ዋጋው ናረ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ አኩሪ አተሯ ከአገር እንዳይወጣ ለጊዜው እስከ ማገድ ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ2023ም የፔሩ የመጀመሪያው የማጥመጃ ወቅት ዓሣው ገና ጫጩት ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል። በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ፣ በሞሪታንያ፣ በሴኔጋልና በጋምቢያ፣ ድሀው ሕዝብ ይበላው የነበረው ርካሽ ዓሣ ወደ ዱቄት ፋብሪካ በመሄዱ በባሕሩ ጠረፍ ያሉ እናቶች የሚያጨሱትና የሚሸጡት አጥተው ሲማረሩ ዓመታት አልፈዋል።

እኛስ ከጣና ብናመጣ? ይህንን ሐሳብ የሚያነሣ ሰው አይጠፋም። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ አሥራ አምስት ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከፊሎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማጥመድ ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች ለክተው ጽፈዋል። በዚህ ላይ እምቦጭ የተባለው አረም ተጨመረ። እንዲህ የቆሰለ ሐይቅ ለኩሬያችን ዱቄት ይሁን ማለት የታመመች ላም ማለብ ነው። ከባሕር ዳር የዓሣ ገበያ የሚጣለው ጭንቅላት፣ አጥንትና ሆድ ዕቃ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እርሱ ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ዓሣ ያለ ዓሣ ያድጋል ወይ?

ዓሣው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ይቀላል። በኩሬያችን የምንለቀው በብዛት ቆሮሶ ነው፤ ቲላፒያ የሚባለው። ቆሮሶ በተፈጥሮው አዳኝ አይደለም። ጣና ውስጥ ሲኖር የሚመገበው በዓይን የማይታየውን አረንጓዴ የውኃ ተክል ነው፤ ኩሬን አረንጓዴ የሚያስመስለውን። ሆዱ አሲዳማ፣ አንጀቱም ረጅም ነው፤ ተክል ለመፍጨት የተሠራ። ለማደግ የሚፈልገው መኖ ጫጩትነቱን ካለፈ በኋላ ከ28 እስከ 32 በመቶ ፕሮቲን ያለው ቢሆን ይበቃዋል። አምባዛ ግን ሥጋም ይወዳል፤ ከ35 እስከ 40 በመቶ ይሻል።

ሥጋ በሎች እንኳ የተክል መኖ ለምደዋል። ኖርዌይ የምታረባው ሳልሞን በባሕር ውስጥ ሌላ ዓሣ እያሳደደ የሚኖር አዳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሚበላው መኖ 65 በመቶ ገደማው ከባሕር የመጣ ፕሮቲን ነበር። በ2020 ወደ 12 በመቶ ወርዷል፤ ቦታውን የያዙት አኩሪ አተርን የመሰሉ እህሎች ናቸው። ሽግግሩ ያለ ችግር አልሆነም፤ ያልተጣራ የአኩሪ አተር መኖ የሳልሞንን አንጀት ስላቆሰለ አርቢዎቹ መኖውን እንደገና ለማጥራት ተገደዋል። አዳኙ ሳልሞን ከዚህ ከደረሰ፣ አረንጓዴ ውኃ የሚጠጣው የእኛ ቆሮሶ ምን ያቅተዋል?

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 በእርባታ የተመረተው ዓሣና ሌላ የውኃ እንስሳ 94 ሚሊዮን ቶን ደርሶ፣ ከባሕርና ከሐይቅ ከተጠመደው ለመጀመሪያ ጊዜ በልጧል። ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ግብፅ ናት፤ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ቶን ያህል ታረባለች፤ አብዛኛው ያው የዓባይ ቆሮሶ ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ጠብ ያለው ውኃ እዚያ ደርሶ ኩሬ ይሞላል። ግብፆች ግን አኩሪ አተርና በቆሎውን በብዛት ከውጭ ይገዛሉ፤ ገንዘባቸው በረከሰ ቁጥር መኖው ይወደድባቸዋል። እኛ በቆሎው ጓሯችን ነው። ኑጉ አገሩ ኢትዮጵያ ነው። ግብጦው ደግሞ የአዊና የምዕራብ ጎጃም የቤት ልጅ ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኛ ነው።

ወገኖቼ፣ ዓሣው የሚፈልገው ዓሣን አይደለም። በዓሣ ዱቄት ውስጥ ያሉትን አሚኖ አሲዶች ነው። ፕሮቲን አንድ ነገር አይደለም፤ ከሃያ ያህል ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ ግድግዳ የተደረደረ ነው። አሥሩን ያህል ዓሣው ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግቡ ማግኘት አለበት። የዓሣ ዱቄት ሁሉንም በልክ ይዟል። እህል ግን እያንዳንዱ አንድ ነገር ይጎድለዋል። አኩሪ አተርና ግብጦ ላይሲን የሚባለው ሞልቷቸው ሜቲዮኒን ያንሳቸዋል። ኑግ፣ ሱፍና ሰሊጥ ደግሞ በተቃራኒው ሜቲዮኒን አላቸው፤ ላይሲን ያንሳቸዋል። ከግድግዳው አንድ ዓይነት ድንጋይ ካነሰ፣ ሌላው ቢከመር ግንቡ ከዚያ በላይ አይነሣም።

ይህ ነገር እንግዳ መሰላችሁ? እናቶቻችን ቤት ውስጥ በየቀኑ ይሠሩታል። ጤፍና ሌላው የእህል ዘር ላይሲን ያንሰዋል፤ ባቄላ፣ ሽንብራና አተር ላይሲን አላቸው። እንጀራን በሽሮ ያገናኘው ሰው የአንዱን ጉድለት በሌላው ሞልቷል። ሁዳዴን ሙሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሳይቀምስ የሚያርስ ገበሬ ጉልበቱ ከዚህ ነው። የጾም ማእዳችን ትልቅ የተክል ፕሮቲን ትምህርት ቤት ነው፤ ሽሮው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ ከባቄላና ከሱፍ ተዘጋጅቶ በሰናፍጭ የሚብላላው ስልጆ። እኔ ዛሬ ለዓሣችሁ የምጠይቀው ይህንኑ ጥበብ ነው። ጥበቡም ሦስት ሥራዎች አሉት፤ መንከር፣ መቁላት፣ መቀየጥ።

መንከርን ከግብጦ እንማር። ግብጦ ከ35 እስከ 40 በመቶ ፕሮቲን አለው፤ በጎጃም ስንቱ እህል ይህን ያህል አለው? ማዳበሪያ አይለምንም፤ ናይትሮጅኑን ከአየር ወስዶ ለመሬቱ ይሰጣል፤ በአሲድ የተጎዳ ማሳ ላይ ይበቅላል። ጠላቱ መራራው አልካሎይድ ነው፤ ሰውንም ከብትንም ዓሣንም ይጎዳል። መራራ መኖ ዓሣው ገና ሲቀምሰው ይተፋዋል። አልካሎይድ በውኃ ይሟሟል፤ ስለዚህ እናቴ ያደረገችው ሁሉ በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ ትክክል ነበር። መቁላቷ ፍሬው እንዳይበቅልና ውኃ በቀላሉ እንዲገባው ይረዳል፤ የሚወርድ ውኃ ውስጥ ማሳደሯ የወጣው መራራ ዳግመኛ እንዳይመለስ ያደርጋል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ግብጦ የታጠበበት ውኃ ወደ ዓሣ ኩሬ እንዳይገባ። ከኩሬው በታች ይነከር።

ከዚህም አልፎ ጣፋጭ ግብጦ የሚባል አለ። አልካሎይዱ በጣም አነስተኛ የሆነ፣ ሳይነከር ለከብት የሚሰጥ ዘር ነው። በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አካባቢ የተሠራው ሥራ ሳናቦርና ቪታቦር የተባሉ ጣፋጭ ግብጦዎችን ለአገራችን አስተዋውቋል። በምዕራብ አውስትራሊያም ጣፋጭ ግብጦ ለዓሣ መኖ ይውላል። ለእኛ ለገበሬዎች ጥንቃቄው አንድ ነው፤ የአንድ ዝርያ የሆኑ ጣፋጭና መራራ ግብጦዎች ተጠጋግተው ከተዘሩ ንብ የአንዱን ለሌላው እያቀበለች ዘሩ ሊበላሽ ይችላል። ማሳቸው ይራራቅ።

ሁለተኛው መቁላት ነው። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለ። ለዓሣ ጥሬውን ብትሰጡት ይበላል፤ ግን አይጠቀምበትም፤ እንዲያውም ዕድገቱ ይቀንሳል። ይህን የሚሰብረው ሙቀት ነው። የጥሬ ባቄላ ጠረኑ ጠፍቶ፣ ውስጡ በመጠኑ ወርቅማ እስኪሆን ማመስ ነው። ካረረ ደግሞ ሌላ ኪሳራ ነው፤ ላይሲኑ ከስኳሩ ጋር ይጣበቅና ዓሣው ሊወስደው አይችልም። ያረረ ሽሮ ጣዕሙ ብቻ አይደለም የሚሄደው። የትኛው ላይ ማቆም እንዳለባት የሽሮ ቆይ እጅ ያውቀዋል፤ እርሷን ሳንጠራ ስለ አኩሪ አተር ማመስ ሥልጠና ብንሰጥ ያስቆጨናል።

ከመቁላት ጎን ለጎን ብቅልን ላንሣ። በእህል ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ነገር ተቆልፎ ነው የሚኖረው። ዓሣ አጥንቱን የሚሠራበት ፎስፈረስ ተቆልፎበት ሳለ አልፎት ወደ ውኃው ይወጣል፤ ውኃውን ያበላሻል፤ ዓሣውም ይጎብጣል። እህል ሲበቅል ቁልፉን የሚከፍት ኢንዛይም ይነቃል። የጠላ ብቅል የሚያበቅል ሁሉ ቁልፉን የሚከፍተውን ያውቃል ማለት ነው። ጥቂት የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል መኖው ውስጥ ገብቶ ለብ ባለ ውኃ ተቦክቶ ቢያድር ጠቃሚ ነው። የጸዳ የአጥንት ዱቄትም የጎደለውን ፎስፈረስ ይሞላል።

ሦስተኛው መቀየጥ ነው። እዚህ ላይ ቡሬ ትመጣለች። ቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአገራችን በመጀመሪያው ዙር ከተገነቡት አራቱ አንዱ ነው። ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. እዚያው ቡሬ ተመርቋል። በዙሪያው የብር ሸለቆ ሰፋፊ እርሻዎች፣ ወዲያ ደግሞ የጃዊና የፓዌ አኩሪ አተር አለ። የአገር ቅባት እህል በተጨመቀ ቁጥር ዘይቱ ለሰው ይሄዳል፤ ፋጉሎው ይተርፋል። ዘይቱ የወጣለት አኩሪ አተር ከ44 እስከ 48 በመቶ ፕሮቲን አለው። የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ ነው፤ አሰሩ ግን ይበዛል፤ ስለዚህ ብቻውን መኖ አይሆንም። ፉርሽካ 15 በመቶ፣ በቆሎ 9 በመቶ ያህል ነው።

እስቲ አንድ ኩንታል መኖ አብረን እንቀይጥ፤ ደብተር ያላችሁ ጻፉት። 40 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ በ45 በመቶ ብንቆጥረው 18 ኪሎ ፕሮቲን ይሰጣል። 20 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ 6 ኪሎ ይሰጣል። 28 ኪሎ ፉርሽካ 4.2፤ 10 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት 0.9። የቀረው 2 ኪሎ የአጥንት ዱቄትና ጥቂት ጨው ነው። ድምሩ 29.1 ኪሎ ፕሮቲን፤ ማለትም 29 በመቶ። ለሚያድግ ቆሮሶ የሚበቃ መኖ ነው፤ አንዲት ግራም የዓሣ ዱቄት የለበትም። አኩሪ አተሩ ላይሲኑን፣ ኑጉ ሜቲዮኒኑን አዋጡ። እንጀራና ሽሮ ማለት ይህ ነው። ከአኩሪ አተሩ ላይ ጥቂቱን ቀንሶ የተጣፈጠና የተላጠ ግብጦ መተካትም ይቻላል፤ ፕሮቲኑ ዝቅ ስለሚል ግን ከፉርሽካውም ትንሽ መቀነስ ነው።

አዘገጃጀቱ ከባድ አይደለም። ሁሉም ደቅቆ ይፈጫል፤ በፈላ ውኃ በተገነፋ የበቆሎ ዱቄት ይለወሳል፤ በሥጋ መፍጫ ተገፍቶ ወይም በእጅ እየተቆነጠረ በጥላ ይደርቃል። ለ100 ዓሣ፣ እያንዳንዱ 100 ግራም ቢመዝን፣ አጠቃላይ ክብደቱ 10 ኪሎ ነው፤ በቀን ከዚህ 3 በመቶ፣ 300 ግራም መኖ፣ ጠዋትና ከሰዓት ተከፍሎ ይሰጣል። ቆማችሁ ተመልከቱ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰ በዝቶበታል። የተረፈ መኖ ይበሰብስና አየሩን ከዓሣው ይሻማል። ከዓሣ እርባታ ወጪ ግማሹን ወይም ከዚያ በላዩን የሚወስደው መኖ ነው፤ ውኃ ውስጥ የበሰበሰ መኖ የበሰበሰ ብር ነው።

አሁን የማልሸፋፍናቸው እውነቶች አሉ።

ይህ መኖ የሚሠራው አረንጓዴ በሆነ ኩሬ ነው። በደረቀ ፍግ ኩሬው በልኩ ከለማ፣ ዓሣው ከመኖው የጎደለውን ቫይታሚንና አሚኖ አሲድ ከውኃው ይለቅማል። በሲሚንቶ ጋን ውስጥ፣ በጠራ ውኃ ተጨናንቆ የሚኖር ዓሣ ግን ይህ ሲሳይ የለውም፤ ቫይታሚንና ማዕድን በገንዘብ ተገዝቶ ሊጨመርለት ግድ ነው።

ጫጩትና አምባዛም እንደዚሁ። ከእንቁላል የወጣ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 40 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ይሻል፤ አምባዛም ትንሽ የእንስሳ ፕሮቲን ሲቀላቀልለት ይበልጥ ይደሰታል። ቅድም ያልሁት የባሕር ዳር የዓሣ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ቦታው እዚህ ነው። ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በትንሹ ይጨመር። ከሐይቁ አንድ ዓሣ ሳይጨመር፣ የሚጣለው ብቻ ይበቃል።

የአየሩ ነገርም አለ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ቆሮሶ ደስ የሚለው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውኃ ነው፤ ከ20 በታች ሲሆን ዕድገቱ ይዘገያል፤ ይበልጥ ሲቀዘቅዝ መብላቱን ይተዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ በክረምትም ጭጋግ፣ በሞቃት ወራት የሰጣችሁትን ያህል አትስጡ። በእነዚህ ጊዜያት ጸሐይ ውኃውን ካሞቀችው በኋላ፣ ከረፋድ ወዲያ ስጡ። ዓሣው በቅዝቃዜ የዘገየውን መኖ ላይ አናሳብብ።

ሌላው ሻጋታ ነው። ርጥበት የነካው ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያበቅላል። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባና አካባቢዋ ባሉ የወተት ላሞች መኖ ላይ በተደረገ ጥናት መርዙ በብዛት የተገኘው የኑግ ፋጉሎ በገባበት መኖ ነበር፤ ከመኖው ወደ ወተቱም ተሻግሯል። ስለዚህ ፋጉሎ በምድር አይቀመጥ፤ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር። የሻገተ “ለዓሣ ይሆናል” አይባል።

የመጨረሻው እውነት ከሁሉ ይከብደኛል። የሰው አፍ ከዓሣ አፍ ይቀድማል። ባቄላና ሽንብራ የሚወደድበት ጎረቤት እያለ፣ የሽሮ እህል ወደ ኩሬ ቢፈስ ይህ ልማት አይባልም። ፋጉሎ፣ ፉርሽካና የጠላ አተላ ግን ሰው በዚያው መልኩ አይመገባቸውም፤ ከማሳ ዳር ያለው ግብጦም ከሰው ይተርፋል። ኩሬው እነዚህን ተቀብሎ ለልጆቻችን ዓሣ አድርጎ ይመልስ። በአገራችን አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ዓሣ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከማእዳችን የራቀው ይህን ያህል ነው።

ስለዚህ ከዚህ ስንለያይ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የቡሬ ካምፓስ መምህራንና ተማሪዎች፣ በአንድ ገበሬ ኩሬ ላይ መረብ ዘርግታችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱን ወገን ከገበያ በሚገዛ መኖ፣ ሌላውን በኑግ፣ በአኩሪ አተርና በግብጦ ቅይጥ ቀልቡ፤ በየወሩ መዝኑ፤ ውጤቱንም፣ ቢከፋም ቢበጅም፣ እዚሁ አዳራሽ አንብቡልን። የዘይት ፋብሪካ ባለቤቶች፣ ፋጉሎውን በኩንታል ብቻ ሳይሆን ድሀ ሊገዛው በሚችል በትንሽ ከረጢትም ሽጡልን፤ የፕሮቲኑን መጠንም ጻፉበት። ከገራይ መስኖ የምትጠቀሙ የጃቢ ጠህናን ገበሬዎች፣ የመስኖ ውኃ ወደ ሽንኩርትና በቆሎ ከመሄዱ በፊት በኩሬ ቢያልፍ ውኃው ብዙም አይቀንስም፤ የዓሣው ፍግ ተጨምሮበት ማሳ ይገባል።

እናቶች፣ የመጨረሻው ልመናዬ ለእናንተ ነው። ስለ ዓሣ መኖ በሚካሄድ ሥልጠና ላይ ጥሪ ሲደርስ “የወንዶች ጉዳይ ነው” አትበሉ። መንከር፣ መቁላትና መቀየጥ የተማርነው ከእናንተ ነው። ግብጦ ስንት ቀን በላህ ውኃ እንደሚያድር፣ ሽሮ መቼ ከምጣድ እንደሚወርድ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ኩሬው ዳር ከባለሙያው ጎን ቁሙና ምሩን።

ኩሬ ያላችሁ ወጣቶችም ነገ መኖውን ወደ ውኃው ከመበተናችሁ በፊት አንድ ፍሬ ግብጦ ከጆንያው አውጡ። ልጣችሁ አኝኩት። ፊታችሁ ከተኮማተረ፣ ገና ነው፤ ጆንያውን መልሳችሁ እሰሩት።